የቅሬታ ደብዳቤ፦ ያለ ፈቃዴ ስለተለወጠውና ስለተቆለፈው የኮምፒውተሬ ባክግራውንድ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ገላን ጉራ፣ አዲስ አበባ

ለኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሳሪስ

ጉዳዩ፦ ማስታወቂያችሁ ከስክሪኔ ላይ እንዲነሳልኝና አሮጌው ሃርድ ዲስኬ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ወር የቤት ኮምፒውተሬ እየተንቀረፈፈ ስላስቸገረኝ ሲፒዩውን በታክሲ ጭኜ ሱቃችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ባለሙያችሁ ከፍቶ አየውና «ሃርድ ዲስኩ ደክሟል፣ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ይቀየር» አለኝ፤ እኔም ተስማማሁ። የኤስኤስዲውን ዋጋ፣ የዊንዶውስ መጫኛውንና በደረሰኙ ላይ «ዳታ ማዛወር» ተብሎ የተጻፈውን ሒሳብ አንድም ሳላስቀር ከፍያለሁ። በፍጥነቱ በኩል ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ማሽኑ አሁን ቶሎ ይነሳል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ከሚታየው ነገር ነው። ቤት አምጥቼ ስከፍተው ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ፎቶ የለም። በቦታው በደማቅ ቢጫ መደብ ላይ የድርጅታችሁ አርማ፣ ስልክ ቁጥሮቻችሁና «ላፕቶፕ በዱቤ እንሸጣለን» የሚል ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ከአይከኖቹ ሥር ያለው የፋይል ስም ነጭ ስለሆነ ቢጫው ይውጠዋል። እኔ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለጎረቤት ማመልከቻና የኪራይ ውል እየጻፍኩ ነው የምደጎመው። ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ የራሱን ጉዳይ ሲያስጽፍ ዓይኑ የሚያርፈው በእናንተ የዱቤ ላፕቶፕ ላይ ነው። አንዱማ «እርስዎም የእነሱ ወኪል ነዎት እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ወኪል ብሆን ኖሮ ኮሚሽን ይታሰብልኝ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ ባክግራውንድ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ዓመት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ ኮምፒውተር ላይ ነው የኖርኩት። ዊንዶውስ ኤክስፒ የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ ከሆነ፣ ያ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ የሌለበት ቢሮ አልነበረም። ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳው ነው። ማይክሮሶፍት ያንን ሥዕል ገዝቶ በዓለም ዙሪያ ሲያሰራጭ እንኳ ያልፈለገው ሰው እንዲቀይረው መንገዱን ክፍት ትቶለታል። ባክግራውንድ እንዳይቀየር የተደረገበት አንድ እትም ትዝ ይለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለትንንሽና ርካሽ ላፕቶፖች የወጣው ዊንዶውስ 7 ስታርተር። እናንተ የጫናችሁልኝ ግን ስታርተር አይደለም፤ ዋጋውም የርካሽ አልነበረም።

ለመቀየር ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጌ ፐርሰናላይዝ የሚለውን ስከፍት ምርጫዎቹ ሁሉ ፈዘዋል፣ አይነኩም። ከላይ በቀይ «ከእነዚህ ሴቲንጎች አንዳንዶቹን የሚያስተዳድረው ድርጅትዎ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይታያል። የትኛው ድርጅት? ይህ ማሽን ያለው ሳሎኔ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው።

ስልክ ደውዬ ስጠይቅ የመጀመሪያው ባለሙያችሁ «ዊንዶውሱ አክቲቬት ስላልሆነ ነው» አለኝ። ይህ እውነት አይደለም። አክቲቬት ያልሆነ፣ ማለትም ፈቃዱ ያልተረጋገጠ ዊንዶውስ የሚያወጣው መልእክት ሌላ ነው፤ በስክሪኑ የቀኝ ታችኛ ጥግም አክቲቬት አድርጉ የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ይቀመጣል። የእኔ ላይ አንዱም የለም። በዚያ ላይ አክቲቬት ባልሆነው እንኳ ፎቶው ራሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ባክግራውንድ ማድረግ ይቻላል፤ የእኔ ይህንንም እምቢ ይላል። ሁለተኛው ባለሙያችሁ የተሻለ ቅን ነበር፦ «እኛ ነን የቆለፍነው፣ ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ይምጡና በ500 ብር እንከፍትልዎታለን» አለኝ። የቆለፋችሁት እናንተ፣ መክፈቻውን የምትሸጡት እናንተ። እንዲህ ያለ ንግድ በዕድሜዬ አላየሁም።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ ጠርቼ አሳየሁት። ያገኘውን ልንገራችሁ፣ «ማሽኑ ተበላሽቶ ነው» የሚል ሦስተኛ መልስ እንዳልሰማ። ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን በሚያስቀምጥበት ሬጂስትሪ ውስጥ፣ ፖሊሲስ በሚባለው ሥር «ኖ ቼንጂንግ ዎልፔፐር» (ባክግራውንድ አይቀየርም) የሚል መስመር ገብቶ ዋጋው 1፣ ማለትም ይሠራ ተብሎ ተደርጓል፤ የማስታወቂያችሁ ምስል ያለበት ቦታም እዚያው ፖሊሲስ ውስጥ ተጽፏል። ይህ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ማሽን የሚቆጣጠሩበት መንገድ ነው፤ በሰው ቤት ኮምፒውተር ላይ በራሱ አይገባም፣ እጅ ይፈልጋል። መስመሩን አጥፍቶ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ይበቃ ነበር። ነገር ግን የአስተዳዳሪውን አካውንት በራሳችሁ ፓስወርድ ዘግታችሁ ለእኔ ተራ የተጠቃሚ አካውንት ብቻ ትታችሁልኛል። ፕሪንተር ለመጫን እንኳ የእናንተን ፓስወርድ ይጠይቀኛል። የገዛ ቤቴ ቁልፍ ሳሪስ ቀርቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ፤ ከማስታወቂያው ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነውና።

እኛ ከካዛንቺስ ተነሥተን ወደዚህ የመጣን ሰዎች ነን። ግቢያችን ከመፍረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ዕድርተኛው፣ ከውጭ በር ያለው ባለ ሱቅ ሳይቀር ተሰብስቦ በአንድ ላይ ቡና ጠጥተን ነበር። ፎቶው ያኔ በልጄ ስልክ የተነሳ ነው። ከኋላ የቆርቆሮው አጥር፣ ከጎን የጋራ ቧንቧው፣ ከፊት ልጆቹ መሬት ላይ ተደርድረው። ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዱ እዚሁ ገላን ጉራ ነው፣ ሌላው ቦሌ አራብሳ ገብቷል፣ በሕይወት የሌሉም አሉ። ስልኩ በኋላ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ፎቶው የቀረው ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ ጎረቤት ለማመልከቻ ሲመጣ መጀመሪያ ስክሪኑን አይቶ «እኔ የታለሁ?» ይል ነበር።

ይህን ለባለሙያችሁ ስነግረው የመለሰልኝን አልረሳውም፦ «ማዘር፣ አይዞዎት፣ እኔ ጋ ቆንጆ ቆንጆ ዎልፔፐር አለ። ፏፏቴ አለ፣ ላሊበላ አለ፣ የፈለጉትን ልጫንልዎት።» ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። ግን ላሊበላን ከየትም አገኘዋለሁ።

«ፎርማት ሲደረግ ጠፍቷል» የሚለውንም መልስ አልቀበልም፤ ምክንያቱም የእኔ ዲስክ ተነቅሎ በሌላ ተተካ እንጂ ለዚህ ሥራ ፎርማት መደረግ አላስፈለገውም። ዶክመንትስ የሚለው ፎልደር ተዛውሯል፣ ፒክቸርስ የሚለው ባዶ ነው። «ዳታ ማዛወር» ብላችሁ ያስከፈላችሁኝ ግማሹን ነበር ማለት ነው። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ አልሰጣችሁኝም፤ «አይጠቅምዎትም» ተብዬ ነው የተመለስኩት።

ዲስኩ አሁንም እጃችሁ ላይ እንዳለ ከሆነ ፎቶውን ማግኘት ከባድ አይደለም። ፒክቸርስ ውስጥ ዋናው አለ። እሱ ባይገኝ እንኳ ዊንዶውስ ባክግራውንድ የተደረገን ፎቶ ለራሱ ገልብጦ ያስቀምጣል፤ በተጠቃሚው አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ቲምስ ከሚለው ፎልደር ገብታችሁ «ትራንስኮድድ ዎልፔፐር» የሚባለውን ፋይል ፈልጉ። የፋይሉን ዓይነት የሚነግረው ኤክስቴንሽን ከስሙ መጨረሻ ስለሌለው ፎቶ አይመስልም፤ ኮፒ አድርጋችሁ ከስሙ መጨረሻ ነጥብ ጄፒጂ ብትጨምሩበት ይከፈታል። አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ግን አትፈልጉት፤ እዚያ ያለው ቅጂ የእናንተው ቢጫ ማስታወቂያ ነው። ለነገሩ ይህን ለጥገና ባለሙያ የምነግረው እኔ መሆኔ ገርሞኛል።

ዲስኩን የምፈልገው ለፎቶው ብቻም አይደለም። የቤተሰቤ መታወቂያ ስካን፣ የባንክ ወረቀት፣ ጎረቤቶቼ አምነው ያስጻፉኝ ውልና ማመልከቻ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር የሰው ሰነድ ያለበት ዲስክ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሊውል አይገባም። ለሌላ ደንበኛ ሸጣችሁት ከሆነም በጽሑፍ አሳውቁኝ።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እኔ ስከፍል ስክሪኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ እንደሚሆን፣ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ከእናንተ ጋር እንደሚቀር አልተነገረኝም። የጫናችሁልኝ ዊንዶውስ 10 መሆኑንና ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን ማቆሙንም የነገረኝ የለም፤ ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበል ይሆናል፣ እሱን ለጊዜው ልተወው፤ መነገር ግን ነበረበት።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በአሥር ቀን ውስጥ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ምንም ሳይነካ እንዲመለስልኝ፣ የአስተዳዳሪው ፓስወርድ እንዲሰጠኝ፣ የባክግራውንዱም ቁልፍ ያለ አንዳች ክፍያ እንዲነሳልኝ እጠይቃለሁ። ሲፒዩውን ዳግመኛ ተሸክሜ ሳሪስ አልመጣም፤ ባለሙያ ላኩልኝ፣ ቡና አፈላለታለሁ። ፒክቸርስን ያላዛወራችሁበትን የዳታ ማዛወር ሒሳብ በተመለከተ፣ ፎቶዎቹ ከዲስኩ ላይ በሙሉ ከተገኙ አልጠይቃችሁም፤ ካልተገኙ ግን ተመላሽ ይደረግልኝ። በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ከነማስረጃው ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አቀርባለሁ።

ስሜና ስልኬ በደረሰኙ ላይ ስላለ እዚህ አልደገምኩትም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኙ ኮፒና ቀዩ ጽሑፍ የሚታይበት የስክሪኑ ፎቶ