ጎማው ተቀይሯል፣ ቲዋስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አሮጌ መኪና ይዞ ረጅም መንገድ ከመውጣት በፊት መታየት ያለባቸውን ነገሮች ዘርዝራችሁ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ዘይት አለ፣ ፍሬን አለ፣ መብራት አለ፣ የጎማ ንፋስ አለ። የራዲያተር ውሃም አልተረሳም። ስለ ሂተር ግን አንድ ቃል አላየሁም። ሂተር ደግሞ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት መንገድ በሌለበት ቦታ መንገድ ሲቀየስ ነው፤ ስለዚህ ከትንሽ መኪና ጋር ተዋውቀን አናውቅም። አሁን የምነዳው የ1999 ሞዴል ላንድ ክሩዘር ነው። 1999 ስል በአውሮፓውያኑ ነው። ባለ 4.7 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አለው። ቤንዚን እንደ ጉድ ይጠጣል፤ እሱን ለሌላ ደብዳቤ ላቆየው።

የመኪና ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩ ውስጥ ሲዞር የጋለው ውሃ በቀጭን ጎማ ይወጣና ዳሽቦርድ ሥር ወደተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ይገባል። እዚያ ሙቀቱን ለንፋሱ ሰጥቶ በሌላ ጎማ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንደኔ መኪና ለኋላ ተሳፋሪ ሁለተኛ ሂተር ካለ ደግሞ ጎማዎቹ መንገድ ላይ ለሁለት መከፈል አለባቸው። የሚከፈሉት ከሞተሩ ጀርባ፣ ሞተሩንና የተሳፋሪውን ክፍል በሚለየው ላሜራ አጠገብ ነው። የሚከፍሏቸውም ሁለት ጥቁር የፕላስቲክ መጋጠሚያዎች ናቸው፣ ባለ ሦስት አፍ። ቅርጻቸው የእንግሊዝኛውን ፊደል ስለሚመስል ቲ ይባላሉ። አውራ ጣት ያክላሉ። የዚህ ሞዴል ባለቤቶች ስለ ቲዎቹ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። ለዓመታት 90 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ከውስጥ፣ የሞተር ወላፈን ከውጭ ሲጠብሳቸው ይኖራሉ። ሲታዩ ደህና ናቸው። ሲነኩ ይፈረካከሳሉ።

የኔ ታሪክ የሚጀምረው ጋራዥ ውስጥ ነው። ከአደጋው አንድ ዓመት በፊት የሂተር ጎማዎቹ ስላበጡ እንዲቀየሩ ሰጠሁ። ማታ ስመለስ መካኒኩ አዲሶቹን ጎማዎች በኩራት አሳየኝ። ቲዎቹ ግን አሮጌዎቹ ናቸው። «እነዚህስ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ፕላስቲክ እኮ አይበሰብስም» አለኝ። ሳቅሁ፣ ከፈልኩ፣ ሄድኩ። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። በሙያዬ ለቁጥርና ለምልክት እንደዚያ የምነዛነዝ ሰው፣ በማላውቀው ነገር ላይ አንድ ቀልድ ዝም አሰኘኝ።

በነገራችን ላይ አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ አያግዝም። መንገዱን የሚረግጠውም ጎማ ነው፣ ውሃውን የሚያመላልሰውም ጎማ ነው። ደረሰኙ ላይ «ጎማ ተቀይሯል» ይላል። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ጎማ ቀይሬያለሁ እል ነበር።

ጎማው ሲቀየር ቲው ለምን አብሮ መቀየር እንዳለበት የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሮጌው ጎማ ለዓመታት ተጣብቆበታል። ሲነቅሉት ጠምዝዘው ነው። አዲሱ ደግሞ ጠባብና ጠጣር ስለሆነ ሲሰኩት ገፍተው ነው። ከዚያ ፋሸታው፣ ጎማውን የሚያስረው የብረት ቀለበት፣ ዙሪያውን ያንቀዋል። የደረቀ ፕላስቲክ በአንድ ቀን ሦስቱንም ቀመሰ ማለት ነው። ምናልባት ሳይነካ ቢቀር ትንሽ ይቆይ ነበር።

ከዓመት በኋላ ከባለቤቴ ጋር የደረቀ ወንዝ ተሻግረን ድንጋያማ ዳገት እየወጣን ነው። ማለዳ ነው፣ ይበርዳል። ባለቤቴ ቀደም ብላ የሆነ የሚጣፍጥ ሽታ ሸተተኝ ብላኝ ነበር፤ የተቃጠለ ስኳር ዓይነት። የሚያብብ ዛፍ አልፈን ይሆናል አልኳት። ትንሽ ቆይታ «ሂተሩ በረዶ ነው እኮ የሚተፋው» አለች። እጄን ወደ ንፋሱ ሰደድኩ። እውነቷን ነው። የሙቀት መለኪያውን አየሁ። መርፌው እንደ ሁልጊዜው መሃል ላይ ቆሟል።

እዚህ ላይ ነው አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ነገር ያለው። የሙቀት መለኪያው ውሃ ውስጥ የተነከረ ነገር ነው። ውሃው ካለቀ የሚለካው የለውም። አየርና እንፋሎት ሙቀትን እንደ ውሃ አያቀብሉትም። ስለዚህ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ዝም ሊል ይችላል። ሂተሩ ግን አይዋሽም። ትኩስ ውሃ ካልደረሰው ወዲያው ይቀዘቅዛል። በሞቀ ሞተር ሂተር በድንገት ቀዝቃዛ ንፋስ ከተፋ፣ መለኪያው ምንም ቢል፣ መቆም ነው።

ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ኮፋኖውን ስከፍት ከሞተሩ ጀርባ እንፋሎት ተንቦገቦገ። ባለቤቴ ራዲያተሩን እንዳትከፍት ብላ ጮኸች፤ ልክ ነበረች። ውሃው የሚሠራው በግፊት ታፍኖ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ክዳኑ የሚያፍነው ግፊት ነው ያንን መፍያ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ የሚያደርገው። ክዳኑ ሲከፈት ያፈናችሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ቲ ሲሰበርም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ግፊቱ ይለቃል፣ የቀረው ውሃ ይፈላል፣ በእንፋሎት መልክ ተንኖ ያልቃል።

አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሲበርድ እጄን ከሞተሩ ጀርባ ሰደድኩ። አንዷ ቲ ወገቧ ላይ ተቆርጣለች። አንድ እግሯ ጎማው ውስጥ ቀርቷል። በጣቴ ልጎትተው ስል እንደ ደረቀ ሸክላ ብትንትን አለ። ሁለተኛዋን ጫን አልኳት። እሷም ተሰነጠቀች።

መጋጠሚያ አልያዝኩም። መፍትሔው ሂተሮቹን ሁለቱንም መተው ነበር። ወደ ኋላ ሂተር ከሚሄደው ላይ ደህናውን ቁራጭ ጎማ በቢላ ቆርጬ፣ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ውሃ በሚያወጣበት አፍንጫ፣ ሌላውን በመመለሻው ሰካሁ። እንዳይታጠፍ ሰፋ አድርጌ አዞርኩት። ሁለት ፋሸታ በካቻቢቴ አጠበቅሁ። ለመጠጥ የያዝነውን ሃያ ሊትር ውሃ ራዲያተሩ የሚበቃውን ያህል ጠጣ፣ የተረፈውን ለእኛ ያዝን። ቀስ ብለን እየበረደን ተመለስን። ሞተሩ ተረፈ። የዚህ ሞተር ቴስታታ፣ የላይኛው ክፍሉ፣ አልሙኒየም ነው፤ ብሎኩ፣ የታችኛው አካሉ፣ ብረት። አልሙኒየም ሲሞቅ ከዚህ ብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ሲግል መጀመሪያ የሚጣመመው እሱ ነው፤ በሁለቱ መሃል ያለው ጋስኬትም አብሮ ይሄዳል። አሥር ደቂቃ ብነዳ ኖሮ የምጽፍላችሁ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

ይህ ዘዴ ቤት ለመግባት ነው። አንዳንድ ሰው «ሂተር አያስፈልገኝም» ብሎ ለዓመታት እንደዚያ ይተወዋል። አልስማማም። አንደኛ፣ የመስተዋት ጉም የሚያጠፋላችሁ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ከላይ እንዳልኩት ውሃ ሲያልቅ ቀድሞ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ጎማውን በቡሽ ደፍነው የሚተዉት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው፤ በአንዳንድ ሞተር ቴርሞስታቱ፣ ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው በር፣ እስኪከፈት ውሃው የሚዞረው በሂተሩ መስመር በኩል ነው።

ቤት ስደርስ ሥራውን ራሴ ሠራሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መካኒክ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ እኔ ግን ጊዜ አለኝ። የሞተሩን ውሃ አፈሰስኩ፤ ኩላንትን፣ ማለትም ከሞተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለውን ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋልም፣ ስለዚህ ክዳን ባለው ጀሪካን ያዝኩት። ባለቤቴን ዳገቱ ላይ የሸተታትም እሱው ነበር። ከሁሉም አስቸጋሪው አሮጌውን ጎማ ከሂተሩ አፍንጫ ላይ ማላቀቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፒንሳ ይዞ ይጠመዝዛል። ከላሜራው ብቅ ያሉት አፍንጫዎች ስስ ናቸው፤ ከታጠፉ ወይም ሥራቸው ከተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ማውረድ ይመጣል። ጎማው የሚጣል ነው፣ ለምን ትታገሉታላችሁ? እኔ በምላጭ ርዝመቱን ተከትዬ ሰነጠቅሁት፣ አፍንጫውን እንዳልፍቅ እጄን አቅልዬ። ከዚያ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፈተ። ውስጡን ሳየው ጫፉ አካባቢ ጥቃቅን ስንጥቅ ነበረበት። የጎማ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ከውስጥ፣ ፋሸታው አጠገብ ነው። ከላይ ሲያዩት አይታወቅም፤ ቀዝቃዛ ሳለ ጫፉን በሁለት ጣት ጨመቅ ሲያደርጉት ግን ይልመሰመሳል።

ቲ ስትገዙ በዓይን አትገምቱ። ብዙ መኪና ላይ የሂተር ጎማ ውስጡ 16 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ በዓይን ትንሽ፣ በፍሳሽ ትልቅ ነው። ሦስቱም አፍ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተሰበረም ስብርባሪውን።

ናስ ወይስ ፕላስቲክ በሚለው ጓደኞቼ እስከዛሬ አልተስማሙም። አዲስ ኦሪጅናል ፕላስቲክ ከገባ፣ የመጀመሪያው ከሃያ ዓመት በላይ ስለሠራ፣ ይበቃል የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው፤ በየአሥር ዓመቱ ለመቀየር የሚያስታውስ ሰው ከሆነ። እኔ አላስታውስም። ስለዚህ ናስ አስገባሁ።

ሲገጠም ፋሸታውን ቀድሞ ጎማው ላይ ማጥለቅ እንዳይረሳ። እኔ ሁለት ጊዜ ረስቼ ነቅያለሁ። ጎማው እንዲንሸራተት ውሃ ወይም ትንሽ ኩላንት ይበቃል። ግሪስና ዘይት ነክቶት አይወቅ፤ ለኩላንት የተሠራ ጎማ በዘይት ያብጣል። ፋሸታው የሚቀመጠው ከአፍንጫው ከንፈር፣ ጫፉ ላይ ካለው ከፍ ያለ ጠርዝ፣ ጀርባ ነው። ከንፈሩ ላይ ካረፈ አንድ ቀን ተንሸራቶ ይወጣል። በካቻቢቴ የሚጠብቀው ዓይነት ከሆነ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ እንደገና መንካት ያስፈልጋል፣ ጎማው ስለሚረግብ። የስፕሪንጉ ዓይነት ራሱ እየተከተለ ያንቃል። ሲሊኮን መቀባት ደግሞ መጥፎ ልማድ ነው። ልኩ የሆነ ጎማ ሲሊኮን አይፈልግም።

ውሃ ስትሞሉ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጉት፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ጠብቁ። አረፋው ሲቆም ሙሉ፣ ክደኑ። በማግስቱ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ እንደገና እዩት። የኔ በማግስቱ ግማሽ ሊትር ጎድሎ ነበር። ፍሳሽ መስሎኝ ደንግጬ መኪናው ሥር ተጋደምኩ። አየር ነበር የወጣው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ያ ዝርዝር እንደገና ሲታተም፣ የራዲያተር ውሃ ከሚለው ሥር አንድ መስመር ይጨመርልኝ፦ «የሂተር ጎማዎችና መጋጠሚያዎቻቸው፤ በተለይ ፕላስቲክ ከሆኑ»። ጎማ ሲቀየር ቲውም እንዲቀየር ባለቤቱ በአፉ ሳይሆን በጽሑፍ ይዘዝ። የተሰበረችዋ ቲ ጠረጴዛዬ ላይ በብርጭቆ ውስጥ አለች፣ ስብርባሪዋ እንዳለ። ለዓምዳችሁ ፎቶ ከፈለጋችሁ አነሳላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው ቀያሽ