የባሕረኞቻችን ውል የት አለ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በውጭ አገር የንግድ መርከቦች ላይ ስለሚቀጠሩ ወጣቶቻችን የምታወጧቸውን ዘገባዎች አንድም ሳይቀር አነባለሁ። ነጭ የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች ተሰልፈው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ፤ የኃላፊው ንግግር አለ፤ በወር የሚያገኙት ዶላርም በጉልህ ተጽፏል። የፈረሙት ውል ምን እንደሚል ግን አንድም ቀን አላነበብኩም። የሥራ ዘመኔን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ቤቴን የሠራሁትም ልጆቼን ያስተማርኩትም በባሕር ደመወዝ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሥራውን ጠልቼ አይደለም። ከውሉ ተነጥሎ የሚነገር የደመወዝ ቁጥር ሰው ያታልላል፤ ያናደደኝ ይህ ነው።

አንድ ማሳያ ላቅርብ። የጎረቤቴ ልጅ ለፊርማ የቀረበለትን ውል እንዳይለት አመጣልኝ። አመጣልኝ ስል በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ከወኪሉ ቢሮ እንዲወጣ አልተፈቀደለትም። «ጠቅላላ ደመወዝ 1,100 ዶላር» ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሲዘረዘር መነሻ ደመወዙ 620፣ ቁርጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያው 384፣ ለፈቃድ የሚታሰበው 96 ነው። ትርፍ ሰዓቱ በወር 103 ሰዓት ተብሎ አስቀድሞ ተቆርጧል። እንግዲህ ልጁ 1,100 ዶላሩን የሚያገኘው በቀን ስምንት ሰዓት ሠርቶ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ ማታ ማታም እያመሸ ነው። ታምሞ ቢወርድ የሚከፈለው፣ ውሉ ያለጊዜው ቢቋረጥ የሚያገኘው ካሣ ደግሞ የሚሰላው ከ620ው ነው። ደመወዝን እንዲህ ከፋፍሎ መጻፍ በመርከብ ዓለም የተለመደ ስለሆነ በዚህ ብቻ ወኪሉን አልከስም። ነገር ግን በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሥር የመርከብ ባለቤቶችና የባሕረኞች ተወካዮች ተደራድረው «ብቁ መርከበኛ» (able seafarer) ለሚባለው የሥራ መደብ ያስቀመጡት ዝቅተኛ መነሻ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 673 ዶላር ነበር። አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም መለኪያ ነው። ልጁ የተቀጠረው በዚሁ የሥራ መደብ፣ ያውም በዚያው ዓመት ነበር። «1,100» የምትለዋ ቁጥር ያን ጉድለት ሸፍናው ነበር።

ከደመወዙ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የቀጣሪው ስም ነው። በቦታው ላይ የወኪሉ ማኅተም «ስለ መርከቡ ባለቤት» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተመትቷል፤ የባለቤቱ ስምም አድራሻም የለም። ዛሬ አንድ መርከብ ባለቤቱ በአንድ አገር፣ አስተዳዳሪው በሌላ አገር፣ ሰንደቅ ዓላማው የፓናማ ወይም የላይቤሪያ፣ ቀጣሪ ወኪሉ ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ደመወዝ ሲቋረጥ የሚከሰሰው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የባለቤቱ ስምና አድራሻ በውሉ ላይ እንዲሰፍር ያዛል። ባሕረኛው ከመፈረሙ በፊት ውሉን መርምሮ የሚያምነውን ሰው እንዲያማክር፣ ከፈረመም በኋላ አንድ ዋና ቅጂ በእጁ እንዲኖር ይደነግጋል። ለሥራ ማስቀጠሪያ ብሎ ከባሕረኛው ገንዘብ መቀበልንም ይከለክላል፤ ባሕረኛው ሊከፍል የሚችለው ለጤና ምርመራ የምስክር ወረቀቱ፣ ለባሕረኛ ደብተሩና ለፓስፖርቱ ነው። የቪዛው ወጪ እንኳ የመርከቡ ባለቤት ነው። ልጁን «ለማስፈጸሚያ» ተብሎ የተጠየቀውን ገንዘብ አባቱ ከዕቁብ ሊያወጡለት ተሰናድተው ነበር። ደረሰኝ ይሰጡህ እንደሆነ ጠይቅ አልኩት። ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ገንዘቡ ያነሣበት የለም።

ሰው ሳያነብ ሲፈርም ምን እንደሚደርስበት የሚጠራጠር ኤምቪ አማን የተባለችውን መርከብ ታሪክ ይፈልግ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ2017 በስዌዝ አቅራቢያ በምትገኘው በአዳቢያ ወደብ የደኅንነት ዕቃዎቿና የምስክር ወረቀቶቿ ጊዜ በማለፉ ታገደች። ካፒቴኑ ወደ የብስ ወርዶ ስለነበር የግብፅ ፍርድ ቤት ሶሪያዊውን ዋና መኮንን የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ አደረገው። ሰውየው መርከቧን ጥሎ መሄድ እንደማይችል በቅጡ ሳይገባው ትእዛዙ ላይ ፈረመ። ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ወደ አገራቸው ሲገቡ እርሱ ብቻውን ቀረ። እናቱ የሞቱት እዚያ እንዳለ ነው። በኋላ ማዕበል መርከቧን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲያስጠጋት ምግብ ለመግዛትና ስልኩን ለመሙላት እየዋኘ ይወጣ ነበር። አገሩ የገባው በኤፕሪል 2021 ነው።

የሥራ ሰዓትን ነገር ደግሞ ከራሴ ልናገር። ስምምነቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አሥር ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይጠይቃል። የቀኑ ዕረፍት ከሁለት በላይ መከፈል የለበትም፤ አንደኛው ክፍልም ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሳይቆራረጥ መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ያምራል። እኔ የሠራሁባቸው መርከቦች የዕረፍት ሰዓት መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ በወር መጨረሻ ቀን በአንድ ብዕርና በአንድ እጅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ይሞላ ነበር። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የነዳጅ ማጣሪያው ማስጠንቀቂያ ጮኾብኝ ቱታዬን እንደ ለበስኩ ያነጋሁበት ሌሊት በዚያ መዝገብ ላይ የዕረፍት ሌሊት ነው። እዚህ ላይ ውሉ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ልጆቹን የምመክራቸው የራሳቸውን ሰዓት በራሳቸው ደብተር እንዲይዙ ነው። የወደብ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወይም በደመወዝ ክርክር ሲነሣ ያ ደብተር ዋጋ አለው።

የጎረቤቴ ልጅ ውል ቆይታውን «ዘጠኝ ወር፣ በአሠሪው ውሳኔ ሦስት ወር ሊጨመር ወይም ሊቀነስ የሚችል» ይለዋል። ዘጠኝና ሦስት ሲደመር አሥራ ሁለት ነው። ባሕረኛ ወደ አገሩ የመመለስ መብቱን ሳያገኝ መርከብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ግን በስምምነቱ መሠረት ከአሥራ ሁለት ወር ማነስ አለበት፤ የመመለሻውም ወጪ የባለቤቱ ነው። ይህች ዐረፍተ ነገር ቀላል የምትመስለው በኮሮና ጊዜ በመላው ዓለም ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ባሕረኞች ውላቸው አልቆ ከመርከብ መውረድ አቅቷቸው እንደነበር ለማያስታውስ ነው።

ቀይ ባሕር ደጃችን ላይ ስለሆነ እርሱን ሳላነሣ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የየመን ሁቲ ታጣቂዎች የያዟት የጋላክሲ ሊደር መርከብ 25 ሠራተኞች የተለቀቁት በጃንዋሪ 2025 ነው። ባሕረኛ በባሕር ላይ ወንበዴዎች ሲያዝ ውሉ እንደማይቋረጥ፣ ደመወዙም እንደሚቀጥል በጄኔቫው ስምምነት ላይ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ማሻሻያ ነው። መርከቡ በቀይ ባሕር ደቡባዊ መውጫ በባብ ኤል መንደብ ያልፋል ወይ? አላልፍም ማለት እችላለሁ ወይ? ይህን ወጣቱ ሳይፈርም መጠየቅ አለበት። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ከባለቤቶች ጋር በተስማማባቸው መርከቦች ላይ ባሕረኛው ጦርነት ቀጠና ወደ ተባለ ስፍራ አልሄድም ብሎ በኩባንያው ወጪ የመመለስ መብት አለው። ውሉ እንዲህ ያለ የኅብረት ስምምነት የማይጠቅስ ከሆነ ግን ይህን መብት ከየት ያመጣዋል?

«ሥራ አጡ በዝቶ ሳለ ይህን ያህል መመራመር ምን ያደርጋል? እርሱ ባይፈርም ሌላው ይፈርማል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ሌላው ይፈርማል። ወኪሉ የሚተማመነውም በዚሁ ነው። ሆኖም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ልጁ ሁለት ቀን ታግሦ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ሲያቀርብ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ተጻፈለት፤ ሦስቱ ወር ወደ አንድ ወረደ። መነሻ ደመወዙ ግን ከ620 ፈቀቅ አላለም። ፈርሞ ሄደ፤ አልፈርድበትም። ከመሄዱ በፊት ኢኳሲስ በተባለው ነጻ የኢንተርኔት መዝገብ የመርከቡን ባለሰባት አሐዝ የመለያ ቁጥር አስገብተን በየትኞቹ ወደቦች እንደተፈተሸና ታግዶ ያውቅ እንደሆነ አብረን አይተናል። ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ የምሩቃኑን ፎቶግራፍ ስታወጡ ዘጋቢያችሁ መነሻ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ውሉ ለስንት ወር እንደሆነና ቀጣሪው ማን ተብሎ እንደተጻፈ ይጠይቅ፤ መልስ ከተከለከለም መከልከሉን ጻፉ። ባሕረኞችን የሚያሠለጥኑት ተቋማት ደግሞ የሞተር ትምህርቱን በሚሰጡበት ክፍል ውስጥ አንድ እውነተኛ ውል ሰሌዳ ላይ ዘርግተው መሥመር በመሥመር ያስነብቧቸው። ባሕር ላይ የኖርን ጡረተኞች አዲስ አበባም አዳማም አለን፤ ከጠሩን ያለ ክፍያ እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመርከብ መሐንዲስ፣ ከአዳማ