የሮቦቲክስ ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ለ11 ሮቦት 2 ቃኚ

በ2017 የትምህርት ዘመን የሮቦቲክስ ክበባችን 7 አባላት ነበሩት። የሮቦቱ አሠራርና የዕቃው ዝርዝር በክበቡ መዝገብ ስለሰፈረ እዚህ አልደግመውም፤ ይህ ዘገባ ስለ ቅኝት ነው። ቅኝት የምንለው በውድድር ቀን የሌሎችን ሮቦት እያዩ መቁጠርና መመዝገብ ሲሆን፣ የሚጠቅመውም ቀጣዩን ተጋጣሚ አውቆ ለመግባትና ከማጣሪያው በኋላ ተጣማሪ ለመምረጥ ነው። ብዙ አባላት ያሉት ቡድን ለእያንዳንዱ ሮቦት አንድ ቃኚ ይመድባል። እንደኛ ከከተማው ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ሰዉንም ሮቦቱንም በአንድ ሚኒባስ ጭኖ ለሚሄድ ቡድን ያ አይሆንም።

የሠራንበት ደንብ የኤፍቲሲ (ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ የሚባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር) ነው፤ ጨዋታው ደግሞ በፈረንጆቹ 2024–25 የወጣው ኢንቱ ዘ ዲፕ። 4 ሮቦቶች ሁለት ሁለት ሆነው ይገጥማሉ። መጀመሪያ 30 ሴኮንድ ሮቦቱ በፕሮግራሙ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይህን ኦቶ እንለዋለን። ከዚያ ተማሪዎች 2 ደቂቃ በጌምፓድ ይነዱታል። ናሙናን፣ ማለትም ሮቦቱ የሚያነሳውን የፕላስቲክ ቁራጭ፣ ላይኛው ቅርጫት መክተት 8፣ ታችኛው 4 ነጥብ ያስገኛል። ማንጠልጠያ የተገጠመለትን ናሙና፣ ማለትም ስፔሲመኑን፣ ላይኛው ዘንግ ላይ መስቀል 10፣ ታችኛው ላይ 6 ነው። በመጨረሻ ሮቦቱ ታችኛውን መወጣጫ ከነካ 3፣ ከወለል ተነስቶ ከተንጠለጠለ 15፣ ላይኛው መወጣጫ ላይ ወጥቶ ከተንጠለጠለ 30 ያገኛል።

አሁን ሰዉን እንቁጠር። 2 ነጂ፣ 1 አሠልጣኝና ናሙና የሚያቀብል 1 ተጫዋች፣ በጠቅላላው 4 ሰው ሜዳ ዳር ይቆማል። 1 ሰው ከመሣሪያ ሳጥኑና ከባትሪ ቻርጀሩ ጋር ይቀራል። ለቅኝት የሚተርፉት 2 ናቸው። 12 ቡድን እያንዳንዱ 5 ጊዜ የሚጫወትበት ውድድር 15 ጨዋታ ይኖረዋል። ሁለቱ ቃኚዎች በየጨዋታው አንድ አንድ ሮቦት ቢይዙ 30 ምልከታ ያገኛሉ። 11ዱን ሮቦት ሦስት ሦስት ጊዜ ለማየት ደግሞ 33 ያስፈልጋል። የሚጎድለው ሦስት ብቻ ነው! ስለዚህ በሁለት ጨዋታ ተመሳሳይ ነገር ያሳየ ሮቦት ሦስተኛው ምልከታ ይቀርበታል፣ ያ ጊዜም ለሚዋዥቀው ይሰጣል። አንድ ቃኚ ሁለት ሮቦት ይያዝ የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል፤ እኛ ግን አንቀበለውም። አንደኛው ቅርጫት ላይ ሲሆን ሌላው ዘንግ ላይ ነው፣ ዓይን በመሃል ሲመላለስ ከሁለቱም ይጎድላል፤ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ባዶ ወረቀት ከመያዝ የባሰ ነው።

የጨዋታ መርሐ ግብሩ እንደተለጠፈ የመጀመሪያው ሥራ የራሳችንን 5 ጨዋታ ማክበብና በእያንዳንዱ አጠገብ የተጣማሪያችንንና የሁለቱን ተጋጣሚዎች ቁጥር መጻፍ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው በቅርቡ የምንገናኘው ሮቦት ከእኛ በፊት ለሚጫወትበት ጨዋታ ነው። በራሳችን ጨዋታ ጊዜም ቃኚው ለእኛ አይጮህም፤ ተጋጣሚን ይቆጥራል። ለተማሪ ይህ ከሁሉም ይከብዳል።

ቅጹ ግማሽ ኤ4 ነው፤ 15 ሉህ ለሁለት ሲቆረጥ ለ30ው ምልከታ ይበቃል። ከላይ የጨዋታና የቡድን ቁጥር፣ ከዚያ አምስት መስመር ብቻ፦ በኦቶ ምን አስቆጠረ፣ ላይኛው ቅርጫት፣ ላይኛው ዘንግ፣ መወጣጫ፣ የቆመበት ሴኮንድና ምክንያት። ቆጠራው በጭረት ነው፤ አራት ቁም ጭረት፣ አምስተኛው ሰያፍ። የመጀመሪያው ረቂቅ ከዚህ እጅግ የበዙ ጥያቄዎች ነበሩት፤ ቃኚው ወረቀቱን ሲያነብ ሮቦቱ ሁለት ናሙና ከትቶ ይመለስ ነበር። ላጲስ አይያዝም፣ የተሳሳተው ይሰረዛል። ስልክን ለዚህ ሥራ አንጠቀምም፦ ኔትወርኩ በተጨናነቀ አዳራሽ ውስጥ ዳታ አይታመንም፣ ሆትስፖት መክፈትም የሮቦቶቹን ዋይፋይ ስለሚረብሽ ክልክል ነው።

ቆጠራው ትክክል መሆኑ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ሁለቱ ቃኚዎች የአንድ ጥምረትን ሁለት ሮቦቶች ከያዙ፣ ድምራቸው ከውጤት ሰሌዳው ጋር መግጠም አለበት። ለምሳሌ አንደኛው ሮቦት 5 ጊዜ ላይኛው ቅርጫት ከከተተ 40፣ መወጣጫውን ከነካ 3፤ ሁለተኛው 3 ስፔሲመን ላይኛው ዘንግ ላይ ከሰቀለ 30፣ ከተንጠለጠለ 15፤ ድምሩ 88 ነው። ሰሌዳው 104 ካለ ልዩነቱ 16 ስለሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ኦቶ ነው። በኦቶ የገባ ናሙና እስከ መጨረሻው ከቅርጫቱ ካልወጣ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ 8 በኦቶ፣ 8 በነጂው ጊዜ። ልዩነቱ 5 ከሆነ የተጋጣሚ ቅጣት የሰጠው ነጥብ ሊሆን ይችላል። 15 ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ ከባድ ቅጣትም 15፣ መንጠልጠልም 15 ነው፣ ዳኛው ያሳየውን ምልክት ያላየ ቃኚ ይሳሳታል።

አማካይ ብቻውን ያታልላል። ላይኛው ቅርጫት 6፣ 0፣ 5 የከተተ ሮቦትና 4፣ 4፣ 3 የከተተ ሮቦት አማካያቸው እኩል ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ግን የዜሮውን ምክንያት ሳናውቅ አይደለም። የባትሪ ሶኬት ላልቶ ከሆነ በአንድ ፕላስቲክ ማሰሪያ ይድናል። ሮቦቱ ከብረት ጋር ሲነካካ የስታቲክ ኤሌክትሪክ እየመታው ከኮንትሮል ሃቡ (ሮቦቱን ከሚቆጣጠረው ሳጥን) ጋር ያለው ግንኙነት የሚቋረጥ ከሆነ ደጋግሞ ይቆማል። ተጣማሪው መንገድ ዘግቶበት የቆመ ሮቦት ደግሞ ጥፋት የለበትም። ለዚህ ነው ቅጹ ላይ «ቆመ» ብቻ መጻፍ የማይበቃው። «40 ሴኮንድ፣ መብራቱ ጠፋ» እና «20 ሴኮንድ፣ ታገተ» የተለያዩ ሮቦቶችን ይነግሩናል።

በጨዋታዎች መሃል ከቃኚዎቹ አንዱ ወደ ቡድኖቹ ጠረጴዛ ይሄዳል። ሰላምታ፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ከዚያ «ኦቶአችሁ ከየት በኩል ነው የሚነሳው? ሌላ አማራጭ ፕሮግራም አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለት ተጣማሪዎች ሁለቱም ቅርጫት በኩል የሚነሳ ኦቶ ብቻ ካላቸው በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ይጋጫሉ፤ አንደኛው ፕሮግራም ላይ ጥቂት ሴኮንድ መቆያ መጨመር ይበቃል፣ ግን ሜዳ ከመግባት በፊት መታወቅ አለበት። «መንጠልጠል ትችላላችሁ?» ለሚለው ግን መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ስለሆነ ቅጹ ላይ የሚሰፍረው በዓይን የታየው ነው። ማንም የሚደብቀውና የሚሰለለው ነገር የለም፤ ጠዋት የገጠምነው ቡድን ከሰዓት ተጣማሪያችን ሊሆን ስለሚችል ስለ ራሳችን ሮቦትም እውነቱን እንናገራለን።

ተጣማሪ ሲመረጥ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሮቦት ይወሰድ ማለት ስህተት ነው። አንድ ጥምረት ያለው የቅርጫት ማዕዘን አንድ ነው። ሁለት የቅርጫት ሮቦቶች ሲጣመሩ አንዱ ሲከት ሌላው ይጠብቃል፤ የሁለቱ ነጥብ እንደ ወረቀቱ አይደመርም። የኛ ሮቦት ስፔሲመን ስለሚሰቅል ዝርዝራችን ላይ ከላይ የሚቀመጡት ቅርጫት የሚያዘወትሩት ናቸው። ከጥምረቱ ጠቅላላ ውጤት የእያንዳንዱን ቡድን ድርሻ በስሌት የሚያወጣ ኦፒአር የሚባል ዘዴም አለ፤ በ5 ጨዋታ ግን የተጣማሪ ዕድል ስለሚያዛባው ተቀራራቢ ቡድኖችን ለመለየት ብቻ እንጠቀምበታለን። ዝርዝሩ የማጣሪያው የመጨረሻ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለበት። ከምሳ በፊት የተመዘገበ ድክመት ከምሳ በኋላ ተጠግኖ ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ የታየ ነገር ካለ የቀድሞው አይጠፋም፣ አጠገቡ ሰዓቱ ይጻፋል።

ልምምዱ ከኅዳር እስከ ጥር በቪዲዮ ነበር። አስቀድሞ የወረደ ጨዋታ ሳይቆም አንድ ጊዜ ይታያል፣ ሁለት ተማሪዎች አንድ ሮቦት ለየብቻ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ እያቆምን እናርማለን። ስህተቱ የሚበዛው በመጨረሻዎቹ 30 ሴኮንዶች ነው፤ ዓይን ሁሉ ወደሚንጠለጠለው ሮቦት ይሄድና ቅርጫት ውስጥ የገባው ይረሳል። በየ4 ጨዋታው ከቃኚዎቹ አንዱ ባትሪ ከሚጠብቀው ጋር ቦታ እንዲለዋወጥ ያደረግነውም ከዚህ በኋላ ነው፤ የደከመ ዓይን ጭረት ይዘላል።

ለ2018 የተቆረጡ 60 ባዶ ቅጾችና ሁለት የካርቶን መደገፊያዎች በፊዚክስ ላብራቶሪው ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። ሦስት አባሎቻችን ዘንድሮ 12ኛን ስለጨረሱ አዲስ ቃኚ ያስፈልገናል። ሽቦ ነክቶ የማያውቅ ተማሪም መመዝገብ ይችላል፤ እርሳስ ይዞ ይምጣ።