ስለ እማማ እግር

ውድ እህት ዓለም፣

ከተጠያየቅን ዘመን ሆነን፤ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማን ስትሮክ እንደመታቸው የሰማሁት ትናንት ማታ ነው፤ እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር ነጋ። ሐኪሙ ጉልበታቸውን በመዶሻ መታ ሲያደርግ የታመመው እግር ከጤነኛው ይበልጥ ተወርውሮ ሲነሣ አይተሽ፣ ኃይላቸው ተመለሰ ብለሽ እልል ማለትሽንም ነገሩኝ። በፊዚዮቴራፒ ሙያ እንጀራዬን የምበላ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲመታ የጭን ጡንቻ ድንገት ይለጠጣል። ወሬው ህብለ ሰረሰር ይደርስና የአንጎልን ፈቃድ ሳይጠብቅ «ተኮማተር» የሚል ትእዛዝ ይመለሳል። አንጎል ግን ዘወትር ልጓሙን ይዞ ልኩን ይወስንለታል። ስትሮክ ያንን መንገድ ሲቆርጠው ልጓሙ ይላላል፤ እግሩ ያለ ልክ ይወረወራል፣ ውሎ አድሮም ይገተራል። ያየሽው ርግጫ የኃይል ምልክት አይደለም፤ ይህን ስነግርሽ ልቤ እያዘነ ነው።

ይሁን እንጂ ፈቃድና ሪፍሌክስ፣ ሳናስበው የሚመጣው የሰውነት ምላሽ ማለት ነው፣ ባላንጣዎች አይደሉም። የሚያቃጥል ሲኒ ስትይዢ እጅሽ ሊለቀው ይፈልጋል፤ ሕፃን አጠገብሽ ከተቀመጠ ግን ጥርስሽን ነክሰሽ ረከቦቱ ላይ ታደርሽዋለሽ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ደግሞ ሃሞንድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ሙከራ ነው። የሰዎችን ክንድ በድንገት ይጎትታል፤ አስቀድሞ ግን አንዴ «ተቋቋሙ»፣ ሌላ ጊዜ «ልቀቁት» ይላቸዋል። ከጉተታው በኋላ በ50 ሚሊሰከንድ ገደማ የሚመጣው የጡንቻ ምላሽ፣ ሰው አስቦ ከሚያደርገው የሚቀድመው ማለት ነው፣ እንደ ትእዛዙ ይበረታ ወይም ይደክም ነበር። ፈቃዳችን ቀድሞ ገብቶ ሪፍሌክሱን ያሰናዳዋል!

እንግዲህ እግራቸውን ስታንቀሳቅሺ ቀስ በይ፤ በፍጥነት የተሳበ ጡንቻ ይበልጥ ይገተራል። ከመንካትሽ በፊት ንገሪያቸው፤ እርሳቸውም አብረውሽ ለማንሣት ይሞክሩ። ባይነሣም ይሞክሩ፤ አንጎል ሌላ መንገድ እንዲያበጅ የሚረዳው ይህ ድግግሞሽ ነው። መዶሻውን ለሐኪሙ ተዪለት። አንቺ «ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» ስትያቸው የሚሆነውን ተመልከቺ፤ ትንሽም ብትሆን ንቅናቄ ካየሽ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ። የፊታችን እሑድ እመጣለሁ፤ የሚታዘዙትን እንቅስቃሴ አብረን እናሠራቸዋለን።

ሁልጊዜም የምትወድሽ
እህትሽ