ስለ ሱቅሽ ታፔላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ።

ለመድኃኒት ቤትሽ ያሠራሽውን ታፔላ አውርደሽ በተወሰነው መጠን እንድታሳንሺው መታዘዝሽን በስልክ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ውስጥ ምሬት ነበር። የወጣው ገንዘብ እኔንም ቆጭቶኛል፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ታፔላ እየጻፍሁ ያሳደግሁሽ ሰው እንደመሆኔ፣ ደንቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ ወደድሁ።

ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ደንበኞቼ ነበሩ። አንደኛው የአንድ ሜትር ታፔላ አሠራኝ፤ ወር ሳይሞላ ጎረቤቱ መጥቶ ከዚያ የሚበልጥ አዘዘኝ። የፊተኛው ይህን ሲያይ ተመልሶ መጣ፤ እንዲህ እየተፎካከሩ በመጨረሻ የሁለቱም መስኮት በታፔላ ተሸፍኖ በቀትር መብራት እያበሩ ይሰፉ ጀመር። ከዚህ ሁሉ የተጠቀምሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። (ያን ጊዜ ምክር መስጠት ነበረብኝ፤ ሆኖም የአንቺን የትምህርት ቤት ክፍያ አስቤ ዝም አልሁ።) ሁለቱም ነገሩ እንዳሰለቻቸው ነግረውኛል፤ ነገር ግን ቀድሞ ያሳነሰ ስለሚዋጥ አንዳቸውም ብቻውን ማሳነስ አልቻለም፤ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ መለኪያ የሚያዝ ሌላ ወገን ያስፈልግ ነበር።

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ይህንኑ በከተማ ደረጃ አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በከንቲባ ጊልቤርቶ ካሳብ ዘመን «ንጹሕ ከተማ» የተባለ ሕግ አወጣችና ከ2007 መጀመሪያ ጀምሮ ቢልቦርድን ጨርሶ ከለከለች፤ ለሱቆችም የፊት ለፊታቸው ስፋት ከ10 ሜትር ካነሰ ታፔላቸው ከ1.5 ካሬ ሜትር፣ ከ10 እስከ 100 ሜትር ከሆነ ደግሞ ከ4 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነች። የማስታወቂያ ድርጅቶች ኪሳራ ይመጣል ብለው ጮኹ፣ ፍርድ ቤትም ሄዱ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ቢልቦርዶች ሲወርዱ ግን የቆዩ ሕንፃዎች ፊታቸው ታየ፤ ከሰሌዳው ጀርባ ተከልለው የኖሩ የድሆች መንደሮችም እንዲሁ። ከተማይቱ ኋላ በአውቶቡስ መጠበቂያዎችና በመንገድ ሰዓቶች ላይ ማስታወቂያ መፍቀዷን ግን አልወድላትም፤ ለነጋዴው የከለከሉትን ለራስ ገቢ ሲሉ መፍቀድ ለትችት ይዳርጋል።

ውበቱን እንኳ ብንተወው የሰው ነፍስ አለ። በሕንድ ሙምባይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በነፋስና በዝናብ የወደቀው ቢልቦርድ ነዳጅ ማደያ ላይ ተንዶ 17 ሰዎችን ገድሏል፤ ከተማው የሚፈቅደው 40 በ40 ጫማ ሆኖ ሳለ የእሱ መጠን 120 በ120 ጫማ ነበር። የአንቺ ታፔላ ያን ያህል ባይሆንም ከሥሩ ታማሚ ቆሞ ተራ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማሰሪያውን ብየዳ በሚያውቅ ሰው አስፈትሺው።

አሁን ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ በርሽን እዪው። «መድኃኒት ቤት» የሚለውና ስምሽ ብቻ በቂ ናቸው፤ ስልክ ቁጥሩን፣ የሚዛኑንና የመርፌውን ሥዕል አስወጪው፤ የተጨናነቀ ፊደል ትልቅ ቢሆንም አይነበብም። የተፈቀደልሽን ቁመትና ወርድ በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፤ ብሩሾቼን ገና አልጣልኋቸውም።

አባትሽ