ቡቃያ አጭደን በከረጢት መሸጥ ለምን አቆምን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የፌጦ፣ የአብሽ፣ የድንብላልና የበሶብላ ቡቃያ በ100 ግራም ከረጢት መሸጥ አቁመን ከነሥሩ በትሪ ማቅረብ ከጀመርን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቅር ብሏችኋል። «ዋጋ ለመጨመር ሰበብ ፈለጋችሁ» ያላችሁንም አላችሁ። ድንገት ስለሆነባችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። በውሳኔው ግን እናምናለን፤ እባካችሁ ምክንያታችንን ስሙን።

ቡቃያውን የምትገዙት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። 100 ግራም ጥሬ የፌጦ ቅጠል ወደ 69 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና ወደ 540 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ አለው። 20 ግራሙ ብቻ የቀኑን የቫይታሚን ኬ ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል፤ ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ስለሚረዳ ግን ዋርፋሪን (የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት) የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታዘውትሩት። እ.ኤ.አ. በ2012 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች 25 ዓይነት ቡቃያ ሲመረምሩ፣ ለዓይን የሚጠቅሙት ሉቲንና ዚያዛንቲን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ከሁሉም በልጠው የተገኙት በድንብላል ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከታጨደ በኋላ አይቆይም። ግንዱ ቀጭን፣ ውኃው ብዙ ስለሆነ የተቆረጠው ጫፍ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከረጢቱ ያልበዋል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ቫይታሚን ሲውም አብሮ ይቀንሳል። ፍሪጅም ሁልጊዜ አያድንም፤ መብራት ይጠፋል፣ በሶብላ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይጠቁራል።

አብሽን «ለስኳር» ብላችሁ የምትወስዱም አላችሁ። ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚያዘገየው ፍሬው ሲዘፈዘፍ የሚያዝለገልገው አሰር ነው፤ ፍሬው ሲበቅል ግን ለቡቃያው ስንቅ ሆኖ ያልቃል። ቡቃያው ጥሩ አትክልት ነው፣ የፍሬውን ሥራ ግን አይተካም። ዝም ብንል ብዙ እንሸጥ ነበር፤ አላደረግነውም።

ስለ ዋጋው፦ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው፣ በአፈር ፋንታ ዘር የምንዘራበት የኮኮናት ቃጫና ትሪ በጣም ተወዷል። በፀረ ፈንገስ የታሸ የእርሻ ዘር ለምግብ ስለማይሆን ርካሽ ቢገኝም አንነካውም። ፌጦን አንዘፈዝፍም፤ ውኃ ሲነካው ስለሚጣበቅ ደረቁን በእርጥብ ቃጫ ላይ፣ ለ25 በ25 ሳንቲ ሜትር ትሪ 10 ግራም ያህል እንበትናለን። ከዚያ ከበዛ አየር አያልፍም፣ ግንዱ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ትሪው እንዳለ ይጣላል። ከምትከፍሉት 320 ብር 90 ብሩ የትሪው መያዣ ነው፤ ትሪውን ስትመልሱ ብሩን እንመልሳለን።

ቤት ስትወስዱት ከላይ ውኃ አታፍስሱበት። ከታች ባለው ትሪ ጨምሩለትና ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ድፉት። ሥሩ አካባቢ ነጭ ነገር ካያችሁ ውኃ ርጩበት፤ ከጠፋ የሥር ጸጉር ነው። ካልጠፋና እንደ ሸረሪት ድር በግንዱ ላይ ከተጠመጠመ ሻጋታ ነውና አትብሉት፤ አምጡትና እንቀይርላችሁ። የምትበሉትን ያህል ብቻ በንጹሕ መቀስ ከቃጫው 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ አለቅልቁ። ሽሮ ላይ የምትጨምሩ ከሆነ ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ይሁን፤ ሙቀት ቫይታሚን ሲን ያጠፋዋል።

በሁለት መደርደሪያ ስንጀምር ጀምሮ አብራችሁን ያላችሁ አላችሁ፤ እናንተን ማጣት ከኪሳራው በላይ ያመናል። ትሪ መንከባከብ ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ማለዳ አጭደን በዚያው ቀን እናደርሳለን። ከዋዜማው እስከ 10 ሰዓት ድረስ ደውላችሁ እዘዙን።

አክባሪዎቻችሁ