ኮርቬቱ ለምን እስካሁን አልመጣም

መጋቢት 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው፤ የሌሊት ፈረቃው ብቻ ትንሽ በዝቶብኛል።

ባለፈው ስንደዋወል “ገንዘቡን አጠራቅመሻል፣ መኪናውም ይሸጣል፣ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?” ብለህ ጠየቅከኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልነበረ “እጽፍልሃለሁ” ብዬ አለፍኩት። መካኒክ ስለሆንክ አንተ ከማንም በላይ ይገባሃል። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርህ።

የምፈልገው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ የሚሠራውን ኮርቬት ስቲንግሬይ የሚባል የስፖርት መኪና ነው፣ አዲሱን ስምንተኛ ትውልድ። ኮርቬት በፈረንጆቹ 1953 ከተጀመረ ወዲህ ለሽያጭ የወጣው ሁሉ ሞተሩ ከፊት ነበር። ይሄኛው ከሹፌሩ ጀርባ፣ መሃል ላይ ነው። 6.2 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ 490 የፈረስ ጉልበት። ከኋላ በመስታወት ተሸፍኖ ሞተሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ማኑዋል ማርሽ የለውም፤ እሱ ቅር ብሎኛል፣ አንተንም ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ። ባለ ስምንት ማርሽ፣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው።

ይህን መኪና እንድወደው ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። ዞራ አርከስ ዳንቶቭ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ከሩሲያውያን ወላጆች ቤልጂየም ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአውሮፓ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ነው። በ1953 ጄኔራል ሞተርስ ገባና ኮርቬትን እውነተኛ የስፖርት መኪና ያደረገው እሱ ነው። “ሞተሩ ወደ መሃል ይምጣ” እያለ ለዓመታት ወተወተ። የሙከራ መኪናዎችም ሠራ። ኩባንያው ግን አልተቀበለውም። በ1975 ጡረታ ወጣ፣ በ1996 ሞተ። ሐሳቡ ለገበያ የበቃው እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስደተኛ ሰው ያለመውን ነገር ለማግኘት መጠበቅን አንተም እኔም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። መኪናው በፈረንጆቹ ሐምሌ 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲተዋወቅ መነሻ ዋጋው ከ60,000 ዶላር በታች ነው ተባለ። ሞተሩ መሃል የሆነ፣ እንዲህ የሚሮጥ መኪና በዚህ ዋጋ ታይቶ አይታወቅም። ሰው ተሰለፈ። ከዚያ መከራው ተከታተለ። በመስከረም የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች አድማ መቱ፤ 40 ቀን ቆየ። ምርቱ ወደ የካቲት 2020 ተገፋ። ገና መመረት ከመጀመሩ በመጋቢት ኮቪድ ፋብሪካውን ዘጋው። ቀጥሎ የቺፕ፣ የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ የሚያሠራው ትንሽ ዕቃ፣ እጥረት መጣ። ባለፈው ታኅሣሥ 2፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ደግሞ አውሎ ነፋስ ቦውሊንግ ግሪንን መታ። ኬንታኪ ያለች ከተማ ናት፤ ኮርቬት በዓለም ላይ የሚሠራው እዚያ ባለው አንድ ፋብሪካ ብቻ ነው። ጣሪያው ተጎዳ፣ እሳት ተነሣ፣ ሥራ ቆመ። ከመቶ በላይ ተሠርተው ያለቁ መኪናዎች ለቁርጥራጭ ብረትነት ተጣሉ። ባለቤታቸው ሲጠብቃቸው የነበሩ መኪናዎች እኮ ናቸው!

እዚህ አሜሪካ ከፋብሪካው በቀጥታ መግዛት አትችልም። በአብዛኛው ስቴት ሕጉ እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች በዲለር በኩል ብቻ እንዲሸጡ ያስገድዳል። ዲለሩ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዲለር ኮታ ይሰጠዋል። ኮታው ደግሞ ከዚህ በፊት በሸጠው ልክ ነው። ብዙ ኮርቬት የሸጠ ብዙ ያገኛል፤ ትንሹ ዲለር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢደርሰው ነው። ስለዚህ “ትእዛዝሽን ተቀብለናል” የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም። ኮታ የሌለው ዲለርም ትእዛዝ ይቀበላል፣ ቀብድም ይቀበላል። ሰዎች በእንዲህ ያለ ዲለር ዘንድ ዓመት ቆመው ቀርተዋል።

ዋጋው ጋ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እያንዳንዱ አዲስ መኪና መስታወቱ ላይ የዋጋ ወረቀት ይለጠፍበታል። ይህ ከ1958 ጀምሮ ሕግ ነው፤ ሕጉን ባረቀቁት በሴናተር ሞንሮኒ ስም “የሞንሮኒ ወረቀት” ይሉታል። ጥሩ ሕግ ነው። መነሻ ዋጋው፣ የተጨመረው ዕቃ ሁሉ በየመስመሩ፣ የማጓጓዣው ክፍያ፣ ከታች ድምሩ። ግን ድምሩ “ፋብሪካው የሚመክረው” ዋጋ ነው እንጂ ዲለሩን አያስረውም።

አንድ ዲለር ጋ የሄድኩበትን ቀን ልንገርህ። ስሙን አልጠራም። በስልክ “በወረቀቱ ዋጋ እንሸጣለን” ብለውኝ ነበር። ሌሊት ሠርቼ፣ ሳልተኛ ሄድኩ። መኪናው መሃል አዳራሽ ቆሟል፣ ቀይ። ጠጋ ብዬ የሞንሮኒውን ወረቀት አነበብኩ። ከጎኑ ሌላ ወረቀት አለ፣ የዲለሩ ነው። የመጀመሪያው መስመር “የገበያ ማስተካከያ፣ 20,000 ዶላር” ይላል። ከሥሩ የቀለም መከላከያ ቅባት፣ ከሥሩ “ጎማው ናይትሮጅን የተሞላ” የሚል። ናይትሮጅን! አንተ በየቀኑ ጎማ ስትነፋ የምትሞላው ተራ አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እሱንም በዋጋ ጽፈውታል።

ሻጩን ጠየቅኩት። ልጁ ትሑት ነው፣ አልዋሸኝም። “ማናጀሩ ነው የሚወስነው፣ ካልወሰድሽው ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል” አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይወስደዋል። ኤድመንድስ የሚባለው የመኪና ዋጋ አጥኚ ድርጅት እንዳወጣው፣ ባለፈው የፈረንጆች ጥር አዲስ መኪና ከገዙት 82 በመቶው ከወረቀቱ ዋጋ በላይ ከፍለዋል። ከዓመት በፊት በዚያው ወር 3 በመቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ ኮርቬት ላይ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ተራው የቤት መኪናም ተወዷል።

ሕግ አልጣሱም። ዕቃ ሲጠፋ ዋጋ መጨመሩም የነጋዴ ደንብ ነው። እኔን ያናደደኝ በስልክ አንድ ነገር፣ በአካል ሌላ መሆኑ ነው። ደክሞህ፣ ጓጉተህ፣ መኪናው ፊትህ ቆሞ “ካፈርኩ አይመልሰኝ” ብለህ እንድትፈርም ነው የተሠራው። እዚህ ደግሞ ዲለር ቤት ሄደህ ከፈረምክ በኋላ በሦስት ቀን መመለስ የሚባል መብት በአገሪቱ ሕግ የለም። ብዙ ሰው አለ ብሎ ያምናል። ብዕሩን ካነሳህ አለቀ።

ጭማሪውን መክፈል ያልፈለግኩት ስለ ቸገረኝ አይደለም። ብትንትን አድርጌ አስቤዋለሁ። ባንኩ የሚያበድረው የመኪናውን ዋጋ አይቶ ነው፤ 20,000ው ወይ ከኪሴ ይወጣል፣ ወይ ወለድ እየወለደ ዓመታት ይከተለኛል። ነገ ቺፑ ሲገኝ፣ ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ መጀመሪያ የሚተነው ያ ጭማሪ ነው። ያኔ መኪናውን ልሽጥ ብል ከዕዳዬ በታች ሊያወጣ ነው። 20,000 ዶላር ስንት ሌሊት እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

“ታዲያ ትንሽ የተነዳ ግዢ” እንዳትለኝ። እሱንም አይቻለሁ። ከአዲሱ ይበልጣል! አየር በአየር ነጋዴዎች ገብተውበታል። ተራ ይይዛሉ፣ መኪናው ሲመጣ ይረከባሉ፣ ጥቂት ማይል ነድተው አትርፈው ይሸጡታል። ይህ በሽታ አዲስ አይደለም። ፎርድ ጂቲ የተባለውን ብርቅ መኪና ሲያወጣ ገዢዎቹን መርጦ፣ ሁለት ዓመት እንዳይሸጡ አስፈርሟቸው ነበር። ትግለኛውና ተዋናዩ ጆን ሲና ወዲያው ሸጠውና ፎርድ በ2017 ፍርድ ቤት አቆመው፤ በኋላ በስምምነት ጨረሱ። አሁንም ጄኔራል ሞተርስ ባለፈው ጥር ለዲለሮቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል፣ ደንበኛን እያስጨነቃችሁ ገንዘብ የምትጠይቁ ኮታችሁ ሊነካ ይችላል ብሎ። ፎርድም እንዲሁ። ደስ ብሎኛል። ግን እኔ ደብዳቤያቸውን ተማምኜ አልቀመጥም።

ስለዚህ ይህን አደረግሁ። ሩቅ ያለ፣ ኮርቬት በብዛት የሚሸጥ ዲለር አገኘሁ። ኮታው ትልቅ ነው፣ በወረቀቱ ዋጋ ይሸጣል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ሁሉንም በጽሑፍ አስደረግሁ። ዋጋው ከወረቀቱ እንደማይበልጥ፣ ምንም ዕቃ ሳልጠየቅ እንደማይጨመር፣ ሐሳቤን ከቀየርኩ ቀብዴ እንደሚመለስ፣ በወረፋው ስንተኛ እንደሆንኩ። ግብሩንና የሰሌዳውን ወጪ ጨምሮ በመጨረሻ ከኪሴ የሚወጣውንም ጠቅላላ ዋጋ አስጻፍኩ። ማናጀሩ ፈርሞበታል።

ትእዛዙ ከገባ በኋላ በቁጥር ነው የምትከታተለው። 1100 ማለት ዲለሩ ትእዛዙን መዝግቧል ማለት ነው፤ ፋብሪካው ገና አያውቅህም። 2000 ሲሆን ኩባንያው ተቀበለው። 3000 ሲሆን ለምርት ተያዘ፣ የሚሠራበትም ሳምንት ይነገርሃል። 3800 ተሠራ ማለት ነው። 4200 ተጫነ፣ 5000 ዲለሩ ጋ ደረሰ፣ 6000 ቁልፉ እጅህ ገባ። እኔ 1100 ላይ ነኝ። ከ1100 ወደ 2000 መሻገር ነው ትልቁ ነገር፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነው ኮታው የሚቆረጠው። ሌሊት እረፍት ስወጣ ስልኬን ከፍቼ አያለሁ። ደግሞም ከመረጥከው ዕቃ አንዱ እጥረት ካለበት፣ ኮታ ቢኖርህም ትእዛዝህ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ማስጌጫውን ሁሉ ሰረዝኩት። ቀለሙን አልሰረዝኩም። ቀይ ነው፣ ቀይ ይሆናል።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። የዘንድሮው ሞዴል ምርት ተራዬ ሳይደርስ ከተዘጋ ትእዛዜ ወደ 2023 ሞዴል ይዞራል። ያኔ የሚሠራው የአዲሱ ወረቀት ዋጋ ነው። ትንሽ መጨመሩ አይቀርም። ፋብሪካው የጨመረውን እከፍላለሁ፣ እሱን በልቤ ቆርጫለሁ። ሲደርስ ማናጀሩ ተቀይሮ “ገበያው ተለውጧል” ብለው ሌላ ወረቀት ከለጠፉበት ግን ቀብዴን ተቀብዬ እወጣለሁ። ያን ቀን ደውዬ ባለቅስብህ አጽናናኝ እንጂ “ክፈዪና ውሰጂ” እንዳትለኝ አደራ።

እስከዚያው አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሞተሩ መሃል ሲሆን ጭነቱ ወደ ኋላ ጎማ ይበዛል። የፊት መታጠፊያው ከለመድነው መኪና በምን እንደሚለይ፣ ዝናብ ላይ ምን መጠንቀቅ እንዳለብኝ የምታውቀውን ጻፍልኝ። ኃይሉ ብዙ ነው፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነድቼ አላውቅም።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብ። 2000 ያየሁ ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን እደውልልሃለሁ።

የምትወድህ እህትህ